ከአለቱ ወዲህና ወዲያ

በላይኛው ቤት የሚነገረው እንዲህ ነው። ቤትም ዘመድም ያልነበራት አሮጊቷ ዮሩን እነሱ ዘንድ የምትቆይበት ተራ ያለቀው በበረዶው ወራት መካከል ነበር። የቤቱ ጌታ አስላክ ራሱ እጇን ይዞ አወጣት። ሰማዩ የጠራ ነበር። በከረጢቷ ቂጣና አይብ፣ በእግሯ አዲስ የሱፍ ካልሲ ነበራት። ታላቁ አለት ጋ ሲደርሱ አስላክ የሚባለውን ቃል አለ፤ ለእግዚአብሔር አስረከባት፤ እንደ ደንቡም ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው የታችኛው ቤት ኃላፊነት ነበር። ከታችኛው ቤት ግን ሊቀበላት የመጣ ሰው አልነበረም።

በታችኛው ቤት የሚነገረው ደግሞ እንዲህ ነው። የቤቱ ጌታ ታርየይ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበር። ጊዜውን ጠብቆ ወጣና ከአለቱ ወዲያ ማዶ ቆመ። ሰማዩ የጠራ አልነበረም፤ ነፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሳ ፊቱ ላይ ይረጨው ነበር። ጢሙ በውርጭ እስኪደርቅ ቆመ። ደጋግሞ ተጣራ። አለቱን ዞሮ የመጣ ሰው ግን የለም። ላይኞቹ የአየሩን ክፋት አይተው አሮጊቷን ከቤት አላወጧትም ብሎ አሰበ። እንዲያውም በልቡ መረቃቸው። ከዚያ ተመለሰ።

ዮሩን የተገኘችው ነፋሱ ሲቆም ነው። ጀርባዋን ለአለቱ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ቀኝ እጇን ከጓንቷ አውጥታ ወደ ፊት ዘርግታለች፤ አንድ ሰው «ነይ፣ ተነሺ» ብሎ እጁን ሲሰጠን እንደምናደርገው። ከወዲህ አልነበረችም፤ ከወዲያም አልነበረችም። ከሁለቱ መካከል ነበረች።

በእኛ ሸለቆ የሚጦረው የሌለው ሰው በየቤቱ በተራ ይኖራል። ዟሪ እንለዋለን። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲያልፍ አሳዳሪው እስከ ወሰን ይሸኘዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ ይጠብቀዋል። በላይኛውና በታችኛው ቤት መካከል ያለው ወሰን ግን ድሮ ከተራራው ተንከባሎ የወረደ፣ ጎተራ የሚያክል አለት ነው። መንገዱ በአለቱና በገደሉ አፋፍ መካከል ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል፤ ከገደሉ ሥር ወንዙ ይጮኻል። ያቺ ጠመዝማዛ የላይኛው ቤትም የታችኛው ቤትም መሬት አይደለችም። አያቶቻችን የእግዚአብሔር መንገድ አሏት። ዟሪው እሷን ብቻውን ይሄዳታል። ደካማን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነውና ሰው እዚያ ቢገባ፣ ሸኚውም ዞር ብሎ ቢያይ፣ እርሱን እንዳላመነ ይቆጠራል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ክፉ ነበር ብዬ አላስብም። ምናልባት ቤት ለሌለው ሰው አንድ የራሱ መንገድ ሊሰጠው ፈልጎ ይሆናል።

ሁለቱ ቤቶች ስለ ዮሩን በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ። «በእግዚአብሔር እጅ ነበረች» ይላሉ። ላይኞቹ እንዲህ የሚሉት እኛ አስረክበናል ለማለት ነው። ታችኞቹ እንዲህ የሚሉት እኛ ገና አልተረከብንም ለማለት ነው። ሬሳዋን እንኳ የቀበረው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለሣጥን የሚሆን ሳንቃ ከሁለቱም ቤት አልወጣም፤ ያወጣ ሁሉ ጥፋቱን ያመነ ይመስል ነበርና። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች አይነጋገሩም።

እኔ አንፊን እባላለሁ፤ የዚሁ ሸለቆ ልጅ ነኝ። ከፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መካከል ከገባው የባሕር ክንድ፣ ማዶ ካለው የመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ስመለስ እዚህ የትምህርት ቤት ሕንፃ ስላልነበረ ልጆቹን የማስተምረው እየዞርኩ ነው፤ ጥቂት ሳምንት በአንዱ ቤት፣ ጥቂት ሳምንት በሌላው። ስለዚህ በሁለቱም ማዕድ እበላለሁ፤ ሁለቱንም ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከሁለቱ አንዱ ውሸታም መሆን አለበት ብዬ ሳስብ ከርሜ ነበር። ነገር ግን አስላክን በልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሲሞትም አጠገቡ ነበርኩ፤ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ታርየይም አይደለም።

ሁለቱም ቤት ለሌላው የማይነግረው አንድ ነገር አለ። በላይኛው ቤት፣ ዟሪ የሚሸኝበት ቀን ሲሆን፣ ከሽኝቱ በኋላ የበሩ መሸጎሪያ ብድግ ብሎ ይመለሳል። በሩ አይከፈትም። የሚያንኳኳም የለም። ሰው ሊገባ ብሎ ሐሳቡን እንደ ቀየረ ሁሉ ብረቱ ይነሳና ይወድቃል። በታችኛው ቤት ደግሞ በዚያው ቀን ውሻው ከምድጃው አጠገብ ተነስቶ ቦታ ይለቃል፤ ምሽቱን ሙሉ ወደዚያች ቦታ አይመለስም። «ነፋስ ነው» ይላሉ ላይኞቹ። «ውሻው አርጅቷል» ይላሉ ታችኞቹ። ውሻው ግን ያኔ ከነበረው ውሻ ሦስተኛው ነው።

ዛሬ በሸለቆአችን የቀረችው ዟሪ አንዲት ናት፤ ሲሴል ትባላለች፤ ዓይነ ስውር ናት። የነገሩ ሁሉ ፍጻሜ የመጣው በእሷ ነው።

ተራዋ በላይኛው ቤት ያለቀበት ዕለት ጠዋት ግሩ፣ የአስላክ ልጅ የኤንድረ ሚስት፣ ጆሮዋን በሲሴል ደረት ላይ አድርጋ ስታዳምጥ አገኘኋት።

«እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ዛሬ ትቆይ፣ ኤንድረ። አየሩ እስኪሻል።»

ኤንድረ የጫማውን ጠፍር እያጠበቀ ነበር። «ተራዋ አልቋል።»

«ተራውን እኮ ሰው ነው ያወጣው።»

«አየሩም ክፉ አይደለም።»

«በመስኮት አይተሃል?»

«አይቻለሁ። አባቴም አይቶ ነበር።»

ልጆቹ ጽሕፈታቸውን አቁመው ነበር። ኤንድረ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ሲሴል ያሳለችውን ሌሊት ሁሉ እንጨት የጨመረላት እሱ ነው። ነገር ግን ተነስቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ዛሬ ለአየሩ ብዬ ባቆያት፣ ያኔስ አባትህ ለምን አላቆያትም ይሉኛል። ታርየይ ይቺን አንዲት ቃል ሲጠብቅ ነው ያረጀው። አባቴ መቃብር ውስጥ ነው፤ መልስ መስጠት አይችልም። እኔ ነኝ መልሱ።»

«ይቺስ?» አለች ግሩ። «ይቺም መቃብር ትግባልህ?»

«ስለ እኔ ከሆነ የምትጣሉት» አለች ሲሴል ከተቀመጠችበት፣ «እኔ እዚሁ ነኝ። ዕውር እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። ለመሆኑ ገንፎው አልቋል ወይስ ተደብቋል?»

ግሩ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳህኑን አመጣችላት።

«ገንፎ የታችኛው ቤት ይሻላል» አለች ሲሴል እየበላች። «ማንኮራፋት ግን የዚህ ቤት ነው። ኤንድረ ሲያንኮራፋ መርከብ ወደብ የገባ ይመስለኛል። ስንቴ ተነስቼ ልሳፈር ብያለሁ መሰላችሁ!»

«ተይኝ አንቺ ሴትዮ» አለ ኤንድረ። ፈገግ ማለቱን ግን አልደበቀም፤ እንደማታየው ያውቃልና።

እኔም ደፍሬ «እማማ ሲሴል፣ እርስዎ ራስዎ ምን ይላሉ? መሄድ ይችላሉ?» አልኳት።

«እርስዎ አትበለኝ ብዬሃለሁ፣ መምህር። እርስዎ ስባል ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።» ማንኪያዋን ላሰች። «ብሄድም ባልሄድም ለእኔ ያው ነው። ዕድሜ ልኬን ጠይቆኝ የሚያውቅ ስለሌለ መልስ አላዘጋጀሁም።»

ግሩ ወደ እኔ አየች። ያየችኝ አስተያየት ገብቶኛል። የእኔም ተራ በታችኛው ቤት ሊጀምር ነበር፤ ሁልጊዜ በማግስቱ ጠዋት፣ ከአለቱ በላይ ባለው አቀበት ዱካ ነበር የምሄደው። «ዛሬ አብሬያቸው እወጣለሁ» አልኩ። ኤንድረ ትከሻውን ሰበቀ እንጂ አልተቃወመም።

ከቤቱ እስከ አለቱ ያለው ዳገት በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ኤንድረ ከፊት እየረገጠ መንገድ ያወጣል፤ ሲሴል በክንዴ ተደግፋ ትከተላለች። በየመሀሉ ቆማ ትስላለች፤ ከዚያ ማውራቷን ከተወችበት ትቀጥላለች።

«እኔና አንተ አንድ ነን» አለችኝ። «ሁለታችንም ዟሪ ነን። ልዩነታችን አንተ ፊደል ታስቆጥራለህ፣ እኔ ቅማል እቆጥራለሁ።»

«ያቺ መንገድ አታስፈራሽም?» አልኳት። ኤንድረ እንዳይሰማ ዝግ ብዬ ነው የጠየቅሁት።

«የቱ? የእግዚአብሔር መንገድ? ምን ያስፈራኛል? እሷ አለችልኝ።»

«ማን?»

«ዮሩን ነቻ። እጄን ትይዘኛለች። ስገባ ጀምሮ ትይዘኛለች፤ ታርየይ ጋ ስደርስ ትለቀኛለች።»

ቀኑ ገና እኩለ ቀን አልሆነም ነበር፤ ብርሃኑም ደህና ነበር። ቢሆንም ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። «መልአክ ይሆናል፣ እማማ» አልኳት፤ ራሴንም ለማጽናናት ይመስለኛል።

«መልአክማ የበግ ጠጉር አይሸትም። እሷ እርጥብ የበግ ጠጉር ትሸታለች፤ እንደኔው። እጇ ደግሞ ይበርዳል።» ጥቂት ሄደችና ጨመረች፦ «ከእሷ በቀር አብሮኝ የቆየ ማን አለ? ሁላችሁም እዚያ ስትደርሱ ትመለሳላችሁ።»

ይህን ያለችው በምሬት አልነበረም። ስለ ገንፎው ባወራችበት ድምፅ ነው የተናገረችው።

አለቱ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ። ኤንድረ የሲሴልን እጅ ይዞ በአለቱ ገጽ ላይ አስቀመጠላት፤ ዓይነ ስውር ስለሆነች ድንጋዩን እየዳሰሰች ነው የምትዞረው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ የሚባለውን አለ፦

«ከእጄ ወደ እግዚአብሔር እጅ።»

«ከእጁ አልወድቅም» አለች ሲሴል። የዟሪ መልስ ይህ ነው።

እየዳሰሰች ገባች። ኤንድረ ዞረና ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ ቆሞ፣ ፊቱን ሳይመልስ «መምህር፣ ና እንጂ» አለ።

«የእኔም ተራ ታች ነው» አልኩት።

«ያ መንገድ የሰው አይደለም። ነገ በላይኛው ዱካ ትሄዳለህ።» ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ሄደ። ጀርባው በበረዶው ጭስ ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት። አንድም ጊዜ አልዞረም።

እኔም በጠመዝማዛዋ አፍ ላይ ቆምኩ እንጂ አልገባሁም። ኮሌጅ የገባ ሰው እንዲህ ያለውን ደንብ ይንቃል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይደለም። እግዚአብሔር ደካማውን እንደሚጠብቅ ለልጆች አስተምራለሁ፤ አምነዋለሁም፤ እዚያ ቆሜ ሳለሁም አምነው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልረገጥኳትን መንገድ መርገጥ ደግሞ ቤተ መቅደስ ውስጥ መጮህ መሰለኝ። ስለዚህ ጠበቅሁ። ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ይህን ጊዜ ደርሳለች፣ ታርየይ ተቀብሏታል አልኩ በልቤ። ልመለስ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን የሰማሁት። ታወራ ነበር። ቃሉ አይለይም፤ ግን የወሬ ድምፅ ነበር፤ ትጠይቃለች፣ ዝም ትላለች፣ ትመልሳለች። አንዴም ሳቀች። እንግዲህ ከታርየይ ጋር ተገናኝተዋል ብዬ ደስ አለኝ። አንድ እርምጃ ወደ ቤት ተራመድኩ። ሁለተኛውን ግን መራመድ አልቻልኩም፤ ድምፁ እየራቀ አልነበረም። የሚሄዱ ሰዎች ድምፅ ይርቃል። ይህ ባለበት ቆሞ ነበር።

ገባሁ።

መንገዱ መሀል ላይ ነፋሱ በረዶውን ከአለቱ እስከ አፋፉ ከምሮ ዘግቶት ነበር። ሲሴል ከክምሩ ወዲህ ጀርባዋን ለአለቱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከረጢቷ ጭኗ ላይ ነው። ቀኝ እጇን ከጓንቷ አውጥታ ወደ ፊት ዘርግታለች፤ ጣቶቿ የሰው ጣት እንደ ጨበጡ ተጨብጠው ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

«መጣህ እንዴ?» አለች። «ትመጣለህ ስላት አይመጣም ብላ ስትከራከረኝ ነበር።» ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «መነሳት አቃተኝ፣ መምህር። እግሬ የእኔ አይመስልም።»

ላነሳት ሞከርኩ። እኔ ጠንካራ ሰው አይደለሁም፤ መንገዱም ጠባብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሁለታችንም ወደ አፋፉ ተንሸራተትን። ለብቻዬ እንደማልችል ገባኝ። «ታርየይ!» ብዬ ጮኽኩ። መልስ የለም። በሙሉ ጉልበቴ ደጋግሜ ጮኽኩ። የወንዙና የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር። አልመጣም ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ላይኞቹ እውነታቸውን ነው ብዬም ፈረድኩ። ካፖርቴን አልብሻት፣ የሚረዳኝ ሰው ቢገኝ ብዬ በክምሩ ላይ በሆዴ ተሳብኩ። ወደ ማዶ ወረድኩ፤ የአለቱን ጥግ ዞርኩ።

ታርየይ እዚያ ቆሞ ነበር።

እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር። ፊቱን ወደ ጠመዝማዛዋ አዙሮ፣ በበትሩ ተደግፎ፣ እንደ አጥር ግንድ ቆሟል። ጢሙ ነጭ በረዶ ሆኗል። ብዙ ጊዜ እንደ ቆየ ያስታውቃል። እጅጌውን ስይዘው እንደ ተወጋ ሰው ዘለለ።

«ዮሩን?» አለ።

«አንፊን ነኝ፣ አባባ። መምህሩ። ሲሴል እዚያ ወድቃለች።»

«ከየት መጣህ? በየት በኩል?»

«በመንገዱ። ስጣራ አልሰሙኝም?»

«መቼ ተጣራህ?»

«አሁን። በሙሉ ድምፄ።»

አላመነኝም። ከዚያ ዓይኑ ከእኔ ወደ አለቱ ጥግ፣ ከአለቱ ጥግ ወደ እኔ ሄደ። እኔ የመጣሁባትን፣ አንድ ልጅ ሮጦ የሚጨርሳትን መንገድ በዓይኑ ለካት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«እኔም ተጣርቼ ነበር» አለ። «ያን ጊዜ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«እዚሁ ነበረች።»

እጅጌውን ጎተትኩት።

«እዚሁ ነበረች፤ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ጉሮሮዬ እስኪቆስል ነው የተጣራሁት። ላይኞቹ አላወጧትም ብዬ...» በትሩ ከእጁ ወደቀ፤ አላነሳውም። «ከዚያ ወዲህ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መጥቼ እቆማለሁ። ቀድሜ ከመጣሁ የሚበቃ መስሎኝ። አንድ ቀን እንኳ ይቺን ጥግ አልዞርኩም፤ የእርሱ መንገድ ነው እያልኩ።»

«አባባ፣ ሲሴል ትሞትብናለች።»

ኮፍያውን አወለቀ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው። ከዚያ ገባ።

እኔ በሆዴ ተስቤ ያለፍኩትን ክምር እሱ በእጁና በጉልበቱ እየናደ አለፈው። ሲሴል ጋ ሲደርስ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት፤ እኔ ከኋላ አነሳሁለት።

«ይህማ ታርየይ ነው» አለች አንገቱን ስትዳስስ። «የታችኛው ቤት ሳሙና ይሸታል። አንተ ሽማግሌ፣ መንገድ ሳትክ እንዴ?»

«ዝም በይ። ትንፋሽሽን አትጨርሺ።»

«ወደየት ነው?» አልኩት። ወደ ታች ያለው መንገድ ረጅም ነበር፤ ነፋሱም ከዚያ ነበር የሚመጣው።

ትንሽ ቆመ። በላይኛው ቤት ደጃፍ ከቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው እሱም እኔም እናውቃለን። «ወደሚቀርበው» አለና ቁልቁል ወደ ላይኛው ቤት ወረደ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። የሲሴል ቀኝ እጅ በታርየይ ትከሻ ላይ አልነበረም፤ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። የተንጠለጠለ እጅ ይወዛወዛል። የእሷ አልተወዛወዘም።

መሸጎሪያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከውስጥ የኤንድረ ድምፅ መጣ፦ «ተዪው፣ ግሩ። ነፋስ ነው።»

ሲሴል ሳለች።

«ነፋስ አያስልም» አለች ግሩ፤ በሩንም በረገደችው።

ኤንድረ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ታርየይን ከነሸክሙ ሲያይ ተነሳ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ታርየይ ከደፉ ውጭ ቆሟል፤ ካልተጋበዘ አይገባም። በረዶው ከኋላው ወደ ቤቱ ውስጥ ይነፍስ ነበር። ኤንድረ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያም ሌላ። ሲሴልን ከሽማግሌው ጀርባ ላይ ተቀብሎ ምድጃው አጠገብ ባለው አልጋ አስተኛት። ግሩ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በእጇ ታሽ ጀመር። በሩን እኔ ዘጋሁት፤ ታርየይም አብሮኝ ገባ፤ ግባ ያለው ግን አልነበረም።

«ኤንድረ» አለ ታርየይ።

ኤንድረ ቀና አለ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«አባትህ አልዋሸም። አድርሷት ነበር።»

«አውቃለሁ እንዳልዋሸ።»

«እኔም አልዋሸሁም።»

«ይህንንስ አላውቅም» አለ ኤንድረ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ፤ ያየሁትንም ነገርኩት፤ እንዴት እንደ ጮኽኩ፣ ታርየይ የት ቆሞ እንደ ነበረ፣ ጥጉን ስዞር እንዴት እንደ ነካሁት። ኤንድረ ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ስጨርስ ወደ ሲሴል አየ እንጂ ወደ እኛ አላየም።

«እንግዲህ ሁለቱም ልክ ነበሩ» አለ።

«ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እሷ ግን ሞተች» አለች ግሩ ከአልጋው ግርጌ።

ወተት አሞቀች። ሲሴል ጥቂት ጠጣች፤ ቀለሟም ትንሽ ተመለሰ። ትተርፍ አትተርፍ ገና አይታወቅም ነበር፤ ግሩ ግን ትንፋሿን አዳምጣ ራሷን ወደ እኛ ነቀነቀች፤ ክፉ አይደለም ለማለት። ታርየይ ጓንቱን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር።

«ስትድን» አለ፣ «እዚሁ ደጃፍ መጥቼ እወስዳታለሁ። ከእጅ ወደ እጅ። እግዚአብሔር ከተቆጣም እኔን ይቆጣ።»

ሲሴል ዓይኖቿን ገለጠች፤ ለምን እንደምትገልጣቸው አላውቅም። ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች።

«በሩን ማን ዘጋው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ። «ይበርድሻል።»

«እሷ እኮ አብራን መጥታ ነበር። እዚህ ድረስ። ውጭ ቀረችብኝ።»

ሁላችንም ወደ በሩ አየን። በዚያ ጊዜ ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ የጭስ ማውጫው ድምፅ ቆሞ ነበርና። መሸጎሪያው ቀስ ብሎ ተነሳ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ከዚያ ወደቀ።

ግሩ አማተበች አላማተበችም፤ እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ታርየይ ኮፍያውን ያዘ።

«የምትመጣው ወደ እኔ ቤት ነበር» አለ። «ተራው የእኔ ነው። እኔ ልውሰዳት።»

«ቆይ» አለ ኤንድረ።

ወደ በሩ ሄደ። መሸጎሪያውን አንስቶ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ውጭ ባዶ ግቢ፣ የእኛው ዱካ፣ ከሩቅም አለቱ ነበር። ቅዝቃዜው ወለሉን እየዳሰሰ ወደ ውስጥ ገባ። ኤንድረ ከበሩ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀ፤ ለሽማግሌ እንደሚለቀቀው።

«አባቴ መሻገሯን ዞር ብሎ አላየም» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ለእኛም ለግቢውም እንዲሰማ። «ስለዚህ ተራችን አላለቀም። ዮሩን የእኛ ናት፤ እዚህ ቤት ትገባለች።»